ይማም፣ ቀዩ ሳጥንና ደረቆ ወንዝ

በገርባ ሜዳና በዙሪያዋ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ፣ ቤተ ዘመድ ለልጁ ሚስት ሲያጭ፣ ሁለት ነጋዴዎች ሽርክና ሊጀምሩ ሲሉ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። መፍቻ በእጁ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ ሁሉ ይላታል። ከየት እንደመጣች ስትጠይቁት ግን «የአባቶች ናት» ብሎ ያልፋችኋል። የአባቶች አይደለችም። የወለዷት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የተወለደችውም እርጥብ አሸዋ ላይ፣ የሰው ሁሉ ጥርስ እየተንቀጫቀጨ ሳለ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ።

ይማም የሚባል ሾፌር ነበር። ከአጎቱ ከጀማል የወረሳት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ ሰውም፣ ማሽላም፣ ፍየልም ይጭንባታል። አጎቱ ሲሞት ከመኪናዋ ጋር ሌላም ዕቃ ትቶለት ነበር፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ጥቁር ብረትና በጫፉ የምትሰካ አንዲት ጥቁር ቡሶላ። ቡሶላ ማለት ጎማውን አጥብቀው የሚይዙት ዳዶዎች ላይ እንደ ቆብ ገብታ የምታዞራቸው ብረት ናት። የአጎቱ ቡሶላ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ውስጧ እንደ ዳዶው ስድስት ማዕዘን ነበር። ስትገባ «ጥቅ» ትላለች፤ ከገባች በኋላ ወዲያ ወዲህ የለም። መልክ ግን የላትም። ዝጋለች፤ የተጻፈባት ቁጥር እንኳ ተፍቆ አይነበብም።

ይማም በዚህች ዕቃ ያፍር ነበር። ከተማ መናኸሪያ ሲገባ ሌሎቹ ሾፌሮች የሚያብረቀርቅ የመፍቻ ሳጥናቸውን ከፍተው ሲኮፈሱ፣ እሱ ከመቀመጫው ሥር ከረጢቱን ይጎትታል። «ይማም ደግሞ የመቃብር መቆፈሪያውን አመጣ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ውስጡ ግን ይቆስላል።

በሐምሌ ወር አንድ ጠዋት ጌታነህ የሚባል፣ ከሩቅ ከተማ የመጣ የዕቃ ነጋዴ ከይማም ደጃፍ አለፍ ብሎ ጎማው ተነፈሰበት። ሰውዬው ችኩል ነው። ቁርስ ቢያቀርቡለት ቆሞ ጎረሰ፤ ተቀመጥ ቢሉት ሰዓቱን አየ። መኪናው ላይ የሚሸጥ መፍቻ በየሳጥኑ ተጭኗል፤ የራሱን ጎማ ለመፍታት ግን አንዱም አልሆነለትም። ይማም ጥቁሯን ቡሶላ ይዞለት መጣ። ሰካት፤ «ጥቅ» አለች። ብረቱን ገፋ ሲያደርገው ያ ሁሉ ያስቸገረ ዳዶ እንደ ቅቤ ለቀቀ።

ነጋዴው ቡሶላዋን ተቀብሎ በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘናት።

«ወንድሜ፣ ይህን ዝገት እስከ መቼ ትሸከማለህ?» አለና ከመኪናው አንድ ቀይ ሳጥን አውርዶ ከፈተለት።

ይማም ዓይኑ ፈዘዘ። ከትንሿ እስከ ትልቋ፣ ቡሶላዎቹ እንደ ጥርስ ተደርድረው ፀሐይዋን መልሰው ይረጫሉ። አጠገባቸው ቡሶላ የሚሰካበት አጭር እጀታ ተጋድሟል። ወደ አንድ ጎን ሲገፉት ይይዛል፣ ወደ ሌላው ሲመልሱት በባዶ ይዞራል፤ ስለዚህ ቡሶላውን ከዳዶው ላይ ሳይነቅሉ እያመላለሱ ያጠብቁበታል። ነጋዴው አዞረው፤ «ክርርር» አለ።

«በዚያች ጥቁር ብረትህ ለውጠኝ። አንተ ሙሉ ጋራዥ ይኖርሃል፤ እኔ መንገዴን እቀጥላለሁ። ቶሎ በል፣ መሽቶብኛል።» ገና ጠዋት ነበር።

የይማም ሚስት ሰዓዳ ጨቅላ ልጇን ኑሩን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። ቀስ ብላ ቀረበችና፣

«የኑሩ አባት፣ ይህን ሁሉ ቡሶላ የያዘ ሰው የእኛዋን አንዲቷን ምን ሊያደርጋት ፈለጋት?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! መፍቻና ማማሰያ አንድ መሰለሽ?»

«እሺ፣ በእኛ ጎማ ላይ ሞክረህ እይ።»

ይማም ሊሞክር ጎንበስ ሲል ነጋዴው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። «ከዚህ ሁሉ መሃል እንዴት አንድ ልክ ይታጣል፣ ወንድሜ!» ብሎ በመስኮቱ ሳቀበት። ይማምም አፈረ። ጥቁሯ ቡሶላ ከነብረቷ ሄደች፤ ቀዩ ሳጥን ቀረ። በማግስቱ ይማም መናኸሪያ ሄዶ ሳጥኑን ያለ ምንም ሥራ ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ ይባላል።

ነሐሴ ገባ። ከደረቆ ወንዝ ማዶ የእማ ሐዋ ወንድም ሞቱ። እማ ሐዋ የሰዓዳ እናት፣ የይማም አማት ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸው ያበጠ፣ ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ፣ ሰውነታቸው ግን ደልደል ያለ ሴት ነበሩ። በአገሩ ወግ አማትና አማች ይፈራራሉ፤ ሲጠራሩ በአንቱታ ነው፣ ሲቀመጡ ራቅ ብለው ነው። ይማም እማ ሐዋን፣ ሰዓዳንና ኑሩን ጭኖ ለቅሶ ደረሰ። እዚያው አድረው በማግስቱ ረፋድ ላይ ለመመለስ ተነሱ። በረፋድ መነሳታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ደረቆን ያላየ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ዓመቱን ሙሉ የተንጣለለ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፣ መኪና ያቋርጠዋል። ክረምት ሲሆን ግን ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ደጋው ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ከተፍ ይላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሌላ ነው፤ ደረቆ አያሳስቅም። ይማም ልጅ ሳለ ከነጭነታቸው የተወሰዱ ግመሎች አይቷል። አንገታቸው ከአረፋው በላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ያየው፣ ጎልምሶም በሕልሙ እየመጣ ያባንነው ነበር። የአገሩ ሰው ተራራውን ሳያይ አይሻገርም። ተራራው ከጠቆረ ማዶ ያድራል።

ያን ዕለት ተራራው ጥርት ብሎ ነበር። ወንዙ ከመድረሳቸው በፊት ግን ከግራር ሥር ሲያልፉ የግራው የፊት ጎማ በእሾህ ተወጋ። ይማም አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ቀዩን ሳጥን በአማቱ ፊት የሚከፍትበት ቀን መጣ።

ፒካፗን በክሪክ አንስቶ ሳጥኑን ከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥሯን ሞከረ፤ አልገባችም። ቀጣይዋን አነሳ፤ ሃያ ሁለት ናት። ይህቺ ገባች፤ ግን «ጥቅ» አላለችም። ዳዶው ላይ እንደ ሰፊ ኮፍያ ተንቀዋለለች። ሳጥኑን መልሶ አየው። በሁለቱ መሃል ሌላ ማረፊያ የለም። ሳጥኑ ከአሥራ ዘጠኝ ዘልሎ ሃያ ሁለት ላይ ያርፋል፤ የእሱ ዳዶ መሃል ላይ ቀርቷል። የሃያ ሁለቷ ውስጧም እንደ አጎቱ ቡሶላ ስድስት ማዕዘን አልነበረም፤ በጥቃቅን ጥርስ የተከበበ ክብ ነገር ነው፣ ዳዶውን ደህና አድርጎ አይጨብጠውም።

ይማም ነቅሎ ዳግመኛ ሰካት፤ ያው ናት።

«ደህና ነው?» አሉ እማ ሐዋ በመስኮቱ።

«ደህና ነው እማ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

ከመንገድ ዳር የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንስቶ ቆርጦ አጠፈውና በቡሶላዋና በዳዶው መሃል ሸጎጠው። ያዘለት። እየተንሸራተተ፣ የዳዶዎቹን ጠርዝ እየፋቀ፣ ጣቶቹን እየላጠ እንደምንም ፈታቸው። መለዋወጫውን ጎማ አስገባ። ማጥበቁ ላይ ሲደርስ ግን ጣሳው እየተጨማደደ ይሰነጠቅ ጀመር። እጀታው ሲከብደው የጠበቀ ይመስለዋል፤ ጫን ሲለው ቡሶላዋ ጠርዙን ልጣ ትዞራለች። የከበደው ዳዶው ይሁን የታጠፈው ጣሳ መለየት አቃተው።

ሰዓዳ አጠገቡ መጥታ ቆመች። «በደንብ ጠብቋል?»

ይማም ቀና አለ። ከመስኮቱ ውስጥ እማ ሐዋ እያዩት ነው። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ቢናገር ኖሮ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የሚያልፍ መኪና ይጠብቁ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ባለቀ። ግን እንዴት ብሎ? «ልክ የሆነችዋን ሰጥቼ ልክ ያልሆነውን ተቀበልኩ» ብሎ በአማቱ ፊት?

«ጠብቋል» አለ።

ወንዙ አፋፍ ሲደርሱ ተራራውን አየ። ጫፉ ላይ ትንሽ ዳመና ተቀምጣለች፤ ገና ነጭ ናት። ጎማ ሲቀይር የቆየው ጊዜ ከነከነው። ተራራው ላይ የሚዘንበው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቀትር ደግሞ አልፏል። «ቢስሚላህ» አለና ወደ አሸዋው ወረደ።

አጋማሹ ላይ ሲደርሱ መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ አሸዋው ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ቀጥሎ ከግራ በኩል «ገጭ… ገጭ… ገጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰዓዳ ዞር ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ይማም አቆመ።

ወርዶ ሲያይ ጎማው ወደ ውጭ አጋድሏል። አንዳንዱ ዳዶ ጭራሽ የለም፤ የቀሩት በጣት ይዞራሉ። ሳጥኑን አውጥቶ ቡሶላዋን ሰካ። ከቅድሙ የባሰ ሆነ፤ የዳዶዎቹ ማዕዘን ተልጦ ዶልዱሟል። ሸሚዙን ቀዶ ሸጎጠ፤ ጨርቁ ተበጣጠሰ። ያቺን ትንሿን፣ አሥራ ዘጠኟን፣ በድንጋይ እየደበደበ በግድ ሊያስገባት ሞከረ፤ ትንሽ ገባችና «ጧ» ብላ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀች። ያ ሁሉ ማብረቅረቅ ቀጭን ቅርፊት ኖሯል።

«የኑሩ አባት፣» አለች ሰዓዳ። «ተራራውን እየው።»

ቀና አለ። ነጯ ዳመና የለችም። የተራራው ግማሽ ራሱ የለም፤ ጥቁር መጋረጃ ወርዶበታል። እነሱ የቆሙበት ቦታ ግን ፀሐይዋ እንደነደደች ናት፤ አሸዋው እግር ያቃጥላል። አሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ፍየሎች በሙሉ ተነስተዋል። ማንም ሳያባርራቸው ተከታትለው ወደ ዳር እየወጡ ነው።

«እንውረድና በእግር እንሂድ» አለች።

«እማስ? በዚህ አሸዋ በምርኩዝ የት ይደርሳሉ? ትንሽ ታገሺኝ። እንዳጠበቅኩት ባንድ ትንፋሽ እንሻገራለን።»

ለእናቷ ማዘኑ እውነት ነው። ያቺ ፒካፕ የቤቱ ምሰሶ መሆኗም እውነት ነው። ከሁሉም በታች ግን የማይናገረው ሌላ ነገር ነበር፤ መኪናዋን ጥሎ ከሄደ፣ ለምን እንደጣላት ሊናገር ነው።

የቀረውን ጣሳ ደራርቦ አጠፈና ሸጎጠ። እጀታው ላይ በእጁ አልበቃ ሲለው በእግሩ ቆመበት። ያ ዓይነቱ እጀታ ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ የሰው ክብደት አይሸከምም። ከእጀታው ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ቀጨጭ ብሎ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በባዶ ብቻ ዞረ። «ክርርር» ይላል። ይማም ይህ ድምፅ የሚስቅበት መሰለው። ቡሶላዋን ከእጀታው ነቅሎ በባዶ እጁ፣ ደሙ አሸዋው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አዞረ። ጣሳው እያገዘው እምቢ እስኪሉት ድረስ አዞራቸው።

«ጠበቀ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ጠበቀ፣ ግቢ!»

ሞተሩን አስነሳ። ፒካፗ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ሄደች። ሰዓዳ ኑሩን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አጣብቃው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። የማዶው ዳር እየቀረበ መጣ፤ ይማም የዳሩን ቁጥቋጦ ቅጠል መለየት ጀመረ፤ ልቡም «ወጣን» አለች።

ያኔ መሪው ባዶ ሆነ። ጎማው ብቻውን፣ ልክ እንደ ጨዋታ፣ ከፊታቸው እየተንከባለለ ሲሄድ በፊት መስታወቱ አየው። ፒካፗ በግራ የፊት ጥጓ ዘመመችና አሸዋው ውስጥ ተቀብራ ጸጥ አለች።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰሙት። ከሩቅ፣ ከላይ በኩል፣ ብዙ የጭነት መኪና ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ነፋስ መጣ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ማዶ ዳር ላይ አንድ ግመል ጠባቂ በትሩን እያወዛወዘ ይጮሃል።

«ውሃ! ውሃ መጣ! ሰዎች ውጡ!»

ይማም ወደ ላይ ቀና አለ። የልጅነቱ ግመሎች አንገታቸውን ሰድረው ዓይኑ ላይ መጡ። አንድ አፍታ እዚያው መሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ኑሩ አለቀሰ። የልጁ ልቅሶ ነው ያነቃው።

«ሩጪ!» አላት ሰዓዳን። «ወደ ኋላ እንዳታዪ፣ ልጁን ይዘሽ ሩጪ!»

እሱ በወዲያኛው በር ዞሮ እማ ሐዋን አወረዳቸው። ምርኩዛቸው አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ይታዘሉ፣ እማ!»

«ወዲያልኝ! አማቱን ያዘለ አማች የት ታይቷል? ሰው ምን ይለናል?»

«እማ፣ እባክዎ! ሰው ሳይሆን ውሃው ነው የሚበላን!»

እማ ሐዋ ወደ ላይ አዩ። ያዩት ነገር ፊታቸውን አመድ አስመሰለው። ሁለት እጃቸውን አንገቱ ላይ ጠመጠሙ።

ይማም ከባድ ነገር ተሸክሞ ያውቃል፤ እንደዚያን ዕለት ግን አሸዋ እግሩን ይዞበት አያውቅም። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታች ይስበዋል። ውሃው ከግራው በኩል መጣ። ፊቱ ውሃ አይመስልም፤ የሚንከባለል የቆሻሻ ግድግዳ ነው፤ ጭራሮ፣ ቅጠል፣ ግንድ፣ አረፋ፣ እርስ በርሱ እየተጋፋ። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ መሬቱ በእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ ጣለኝ!» አሉ እማ ሐዋ ጆሮው ላይ። አንቱታው ጠፍቷል። «ጣለኝና ለልጅህ ድረስ! እኔ ጠግቤ ኖሬያለሁ!»

ይማም ጥብቅ አድርጎ ይዟቸው መራመዱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ውሃ ቁርጭምጭሚቱን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው ጉልበቱ ላይ ደረሰ። አንድ ግንድ ጭኑን መታውና አንገዳገደው፤ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ጭቃው አፉ ውስጥ ገባ። አሁን አለቀ አለ በልቡ፤ የፈራውም ሞቱን ብቻ አልነበረም፣ እኚህን ሴት በራሱ ውሸት ይዟቸው መሞቱን ነበር። ተነሳ። እንዴት እንደተነሳ ኋላም ሊያስረዳ አልቻለም።

ግመል ጠባቂው ሰዓዳንና ልጁን ዳር አውጥቶ ተመልሶ ነበር። ወገቡ ድረስ ገብቶ ረጅም በትሩን ዘረጋ። ይማም ጫፉን በአንድ እጁ ያዘ። ሰውዬው እየጮኸ ጎተተ፤ ይማም ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ተጎተተ፤ እማ ሐዋ እያነቡ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ። ከዳሩ ቁጥቋጦ ሥር ተደፍተው ወደቁ።

ዞር ሲሉ ፒካፗ ገና ቆማ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ከበባት፣ አቀፋት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ ሕፃን ልጅ አነሳት። አንዴ ተሽከረከረች። የኋላ በሯ ተከፈተና ቀዩ ሳጥን ብቅ አለ፤ ብዙም ሳይርቅ ሰጠመ። ቀጥሎ ፒካፗም ከአረፋው በታች ሆነች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒካፗን ወንዙ ሲደርቅ ታች ቆላ እስከ ጣሪያዋ አሸዋ ተቀብራ አገኟት፤ ከጣሪያዋ ቆርቆሮ በቀር የሚተርፍ አልነበራትም። ይማም የሰው መኪና እየነዳ ብዙ ዘመን ኖረ። ጉዞ ሊጀምር ሲል ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሲዞር ተሳፋሪው ይሰለቻል፤ እሱ ግን ሳይጨርስ አይነሳም። ከእማ ሐዋ ጋርም አንቱታቸው ተመልሶ መጣ፤ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ፈገግ ይላሉ ይባላል። ኑሩም አድጎ፣ ያን ቀን የማያስታውስ ጎረምሳ ሆነ።

ወሬው የወጣው በግመል ጠባቂው ነው። በየገበያው የሚያወራው ስለ ውሃው ብዙም አልነበረም፤ ውሃ ብዙ አይቷል። የሚያወራው ከውሃው በኋላ ዳር ላይ ስለተባለው ነገር ነበር።

ሁሉም አሸዋው ላይ ተዘርግተው ይንቀጠቀጣሉ። ሰዓዳ ኑሩን በእርጥብ ነጠላዋ ጠቅልላ ጡቷን አጉርሳዋለች፤ ጭንቅላቱን ደጋግማ ትዳስሰዋለች፣ መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል። ይማም ወንዙን እያየ ቀርቷል። ቀኝ እጁ ተጨብጧል፤ ደም ከጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

«ምንድነው እሱ የያዝከው?» አሉ እማ ሐዋ።

ይማም እጁን አየ። አልከፈትም ያለው ጣቱን በሌላው እጁ አንድ በአንድ ሲያላቅቀው ሃያ ሁለት ቁጥሯ ቡሶላ ወጣች። መቼ እንደጨበጣት፣ ያን ሁሉ መንገድ አማቱን አዝሎ እንዴት እንዳልጣላት አያውቅም። የማልቀስ ያህል እየተንሰቀሰቀ ሁሉንም ነገራቸው፤ የነጋዴውን፣ የጥቁሯን ብረት፣ የጣሳውን፣ ግራሩ ሥር «ጠብቋል» ያለውን ውሸት።

«ባጠበቅኳት ቁጥር ጠርዙን እየላጠች ኖሯል እማ፤» አለ። «እኔ ጠበቀ እላለሁ፣ እሷ ታላላዋለች። አውቄ ነበር። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ሰዓዳ ፊቷን አዞረች። ግመል ጠባቂው በትሩ ላይ ተደግፎ መሬት መሬት አየ። ይማም ስድቡን፣ እርግማኑን ጠበቀ፤ ከውሃውም ይልቅ አሁን የሚመጣውን ፈራ።

እማ ሐዋ ቡሶላዋን ከመዳፉ አነሱ። በጣታቸው ውስጧን ዳበሱት፣ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው አዞሩት፤ ልቅ ብላ ተንቀዋለለች። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ የእጁን ደም ጠረጉለት፣ የአማትና አማች ወግ ይከለክላል አላሉም፣ ቡሶላዋንም መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለትና፣ ጥርሳቸው በብርድ እየተንቀጫቀጨ እንዲህ አሉ፤ «እንግዲህ ልብ በል ልጄ፤ ልኩ ያልሆነ ቡሶላ፣ ሲያጠብቁት ይላላ።»